በዕቃ ቤት የቀረው የአየርላንድ መጽሐፍ

በክሊራንስ ቅጼ ላይ ዐሥራ ሁለት ሳጥን ነበረ። ዐሥራ አንዱ ተፈርሞበታል። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ እንኳን፣ በነቀምቴው የመንግሥት ኮሌጅ በሃያ ሁለት ዓመት የመምህርነት አገልግሎቴ ኳስ ነክቼ እንደማላውቅ ሆዴን አይቶ መፍረድ ሲችል፣ "ኳስ የለብህም?" ብሎ በቁም ነገር ጠይቆኝ፣ መዝገቡን ገልጦ አረጋግጦ ፈርሞልኛል። የቀረው የቤተ መጻሕፍቱ ሳጥን ብቻ ነበር።

የመንግሥት ሥራ ለቅቆ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ያለዚያ ወረቀት መልቀቂያ አይጻፍም፤ ያለ መልቀቂያ ሌላ ቦታ አይቀጠርም። ነርስ የሆነችው ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ልጃችንን ይዛ አዲስ አበባ እህቷ ቤት ገብታ እዚያው ሥራ ጀምራለች። ለኔም አንድ የግል ኮሌጅ የታሪክ መምህርነት ሰጥቶኝ፣ "መልቀቂያህን እስከ ወሩ መጨረሻ አምጣ፤ ካልሆነ ተጠባባቂውን እንጠራለን" ብሎኛል። ወሩ ሊያልቅ ዐሥራ ስምንት ቀን ይቀረዋል። ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው ቤታችን ግማሽ ዕቃው ተጭኖ ሄዷል። እኔ ከአንድ ፍራሽ፣ ከአንድ ወንበርና ከማይሄዱ መጻሕፍት ጋር ቀርቻለሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ የሰው ሳል ይገርማል፤ ሌላ ሰው የሳለ ይመስላል።

መንገዱም አለ። በአኖ ኬላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ ነው። ሲዘጋ ማን ዘጋው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው "እስከ የት ድረስ ነው?" ነው። ስለዚህ ዕድለኛ የምሆነው ወረቀቱ በተፈረመበት ሳምንት መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። መንገዱ በዚያ ወር በተአምር ክፍት ነበር። የተዘጋው ወረቀቱ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነቀምቴ ልጅ ነው። በወንጌላውያን ጉባኤያቸው ሽማግሌ ነው፤ እሑድ ጠዋት ከነጠላ ዜማ እስከ መዘምራን አለቅነት ያልሠራው የለም። ቀጭን ነው፤ በበጋም ኮት አያወልቅም። ከቤቱ በኦሮምኛ ወጥቶ ቢሮው በአማርኛ ይገባል። የኔ ቤተሰብ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ከተማ ሦስተኛ ትውልዱን ጨርሷል። አማርኛ የአባቶቼ ነው ብዬ ስለምተማመን ደብዳቤ ስጽፍ ፊደል እገድፋለሁ፤ ዐረፍተ ነገር ጀምሬ ማሰሪያውን እረሳለሁ። እሱ አይገድፍም። ኮሌጃችን ወደ ላይ የሚልከውን ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ያየዋል።

"አካም ጂርታ፣ ያ ባርሲሳ?" አለኝ ቅጹን ይዤ ስገባ። መምህር ሆይ፣ እንደምን አለህ ማለቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ስም ጠርቶኛል።

"ነጋ፣ ደኅና ነኝ። ፈርምልኝና ልሂድ።"

መዝገቡን አወጣ። እንደ በር ሰፊ መዝገብ ነው። በጣቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

"አንድ መጽሐፍ አለብህ።"

"አውቃለሁ።"

"የአየርላንድ መነኮሳት።"

"አውቃለሁ አልኩህ።"

"እኔም ለወጉ ነው የማነብልህ" አለ።

መጽሐፉ ከብዙ ዓመት በፊት በእርዳታ ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር ከመጡት አንዱ ነው። የላኩልን ሰዎች ምን እንደሚያስፈልገን ሳይሆን ምን እንደተረፋቸው ነበር የሚያውቁት። በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ የውሻ አስተዳደግ፣ አንድ ሙሉ ሣጥን የግብር ሕግ፤ ከነዚያ መካከል ይህ አንድ ወፍራም፣ በቀለም ሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ነበር፤ የመካከለኛው ዘመን አየርላንዳውያን መነኮሳትና ወደ አውሮፓ የወሰዱት ትምህርት። ከኋላው የተለጠፈው የውሰት ካርድ ላይ አንዱን ፊርማ ከሥር ከሥሩ ታያላችሁ። ሁሉም የኔ ነው። በየሴሚስተሩ እየመለስኩ እንደገና እወስደው ነበር፤ የሚሻማኝ አልነበረም። ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት ደግሞ ከሱ በቀር የሚያነጋግረኝ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

መጽሐፉን ወደድኩት ማለት አልችልም፤ ስጣላው ነው የኖርኩት። ደራሲው በየምዕራፉ መጨረሻ አውሮፓን ያዳኑት እነዚህ መነኮሳት ናቸው እያለ ይፎክራል። ሮም ወድቃ፣ ዓለም ጨልሞ፣ በባሕር መካከል ባለች ዝናባም ደሴት ላይ መብራቱ ቀረ። ይህንን ዓይነት ወሬ እኛም አገር አውቀዋለሁ፤ ተራራ ላይ ሆነን ዓለምን ጠበቅንለት የምንልበት ወሬ ነው። በዚያው ዘመን በቁስጥንጥንያና በኮርዶባ ሰዎች መብራታቸውን አብርተው ሲያነብቡ ነበር፤ መብራቱ እንደጠፋ ማንም አልነገራቸውም።

አንድ ነገር ላይ ግን እጅ ሰጥቻለሁ። አየርላንድን ሮም ገዝታት አታውቅም፤ ስለዚህ ላቲን ለመነኮሳቱ የእናት ቋንቋ አልነበረም። ከሰዋስው መጽሐፍ እየቆጠሩ የተማሩት የሰው ቋንቋ ነው። ባለቋንቋዎቹ ሮማውያን ቃላቱን ሁሉ ያለ ክፍተት አያይዘው ይጽፉ ነበር፤ አንባቢው በጆሮው ስለሚያውቀው አይቸገርም። አየርላንዳውያኑ ተቸገሩ። ተቸግረውም በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ መተው ለመዱ። በሁለት ነጥብ ቃል ስንለይ ለኖርን ለኛ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። አውሮፓ ግን በዝምታ ማንበብ የተማረው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። የቸገረው ሰው ያበጀው ነገር የባለቤቱን ዓይን አበራ። ተማሪዎቼ ቤታቸው በኦሮምኛ አድረው ክፍሌ ውስጥ በእንግሊዝኛ ታሪክ ሲማሩ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሰብረው፣ ገጣጥመው፣ ዳር ዳሩ ላይ በቁቤ ትርጉም ሲጽፉ አያለሁ። እነዚያም መነኮሳት እንዲሁ ነበሩ። በአልፕስ ተራሮች ሥር፣ በጀርመን፣ በጣሊያን በመሠረቷቸውና በተጠጉባቸው ገዳማት በተገኙት የላቲን መጻሕፍት ጠርዝና በመስመሮች መካከል የራሳቸውን ቋንቋ ጽፈዋል። የጥንቱ አየርላንድኛ ዛሬ በብዛት የሚታወቀው እቤቱ በተጻፈው አይደለም፤ በሰው አገር መጽሐፍ ጠርዝ በተጫረው ነው።

ሌላው ጠቤ ከተጓዦቹ ጋር ነበር። አየርላንዳውያን መነኮሳት አገርን ጥሎ ላለመመለስ መውጣትን እንደ ሰማዕትነት ቆጠሩት፤ መጽሐፉም እነሱን ተከትሎ ባሕር ይሻገራል። ቤት የቀሩትን አያነሳም። ብራናውን የፋቀው፣ ከብቱን የጠበቀው፣ ሄያጁ ሲሄድ የጎደለውን የሞላው ማነው? ይህንን ሐሳብ በሁለት ጽሑፍ አትሜዋለሁ። የሄደ ይወደሳል፣ የቀረ ይከፍላል ብዬ። ስጽፈው መቅረትን የመረጥኩ ሰው ይመስል ነበር።

"ጠፍቶብኛል" አልኩት የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ። ውሸት ነው። የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

"የጠፋ መጽሐፍ ዓይነቱን ገዝቶ ይተካል፤ ካልሆነ የዋጋው ሦስት እጥፍ ይከፈላል።"

"እከፍላለሁ።"

"ዋጋው ይኸው" ብሎ መዝገቡን ወደኔ አዞረው። በዋጋው ዓምድ ውስጥ ሰረዝ አለ። "እርዳታ ነው። ዋጋ የለውም። ዋጋ የሌለውን በሦስት ማባዛት አይቻልም።"

"እንግዲያው ዜሮ ነው።"

"ዜሮ ቢሆን ዜሮ ይጻፍ ነበር። ይህ ሰረዝ ነው።"

በዚህ ጊዜ ነው ብልጥ መሆኔን ያመንኩት። በቦርሳዬ የመጽሐፉ ሙሉ ፎቶ ኮፒ ነበረኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ከራሱ ከመጽሐፉ አንድ ታሪክ ነገርኩት። አንድ አየርላንዳዊ መነኩሴ የመምህሩን መጽሐፍ ሳያስፈቅድ በድብቅ ቀዳ ይባላል። ባለ መጽሐፉ ደረሰበትና ቅጂውንም ስጠኝ አለ። ተካሰሱ። ንጉሡ፣ ጥጃ የላሚቷ ባለቤት ንብረት እንደሆነ ሁሉ ቅጂም የመጽሐፉ ባለቤት ንብረት ነው ብሎ ፈረደ። ነገሩ በዚያ አልቆመም፤ ጦርነት አስከተለ፤ መነኩሴው አገሩን ጥሎ ባሕር ተሻገረ። ባረፈባት ደሴት የመሠረተው ገዳምም ለብዙ አገር ትምህርት ምንጭ ሆነ።

"ያ ፍርድ ስሕተት ነው" አልኩት። "ቅጂ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው። ቃሉ ሁሉ አለበት። እሱን ተቀበልና ፈርም።"

ፎቶ ኮፒውን አገላበጠ። ከብት ያለው ሰው ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ወደ ትውልድ ቀበሌው ገብቶ ላሞቹን ሊጠብቅ ነው የሚያስበው። የጥጃው ነገር ገብቶታል።

"ንጉሡ ልክ ነው" አለ። "ላሚቷ የኮሌጁ ናት አይደል?"

"ናት።"

"እንግዲህ ጥጃዋም የኮሌጁ ናት።" ፎቶ ኮፒውን መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ቆለፈ። "ጥጃዋን አስገብተሃል፤ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። ላሚቷን አምጣ።"

ቅጂውንም አጥቼ ወጣሁ።

አሁን ላሚቷ ወዳለችበት። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ እዚሁ ከተማ ባለች አንዲት ደብር መርጌታ ነበሩ። አባቴ ከሞተ በኋላ በየዓመቱ ለፍልሰታ ፍቺ ሄጄ እጃቸውን እሳለማለሁ፤ ከዚያ በቀር ቤተ ክርስቲያን አልረግጥም። አንድ ጊዜ በስልኬ ያነሳሁትን የመጽሐፉን አንድ ገጽ አሳየኋቸው። አየርላንዳውያኑ የገጹን ራስና ጠርዝ በተጠላለፈ ሐረግ ይሞሉታል፤ ጅማቱ ይገባል፣ ይወጣል፣ እርስ በርሱ ይነካከሳል፣ መጨረሻው ከየት እንደሆነ አይያዝም። የኔታ ሐረግ የሚሥሉ ሰው ነበሩ። ስልኩን እስከ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"የማን አገር ሰዎች ናቸው?"

"የአየርላንድ።"

"ተዋሕዶ ናቸው?"

"አይደሉም የኔታ። የሁለት ባሕርይ ሰዎች ናቸው።"

ረጅም ጊዜ አዩት። "እጃቸው ግን ይህን አልሰማም" አሉ። "እጃቸው የኛ ነው። ሙሉውን አሳየኝ።"

ፎቶ ኮፒው ጥቁርና ነጭ ነው፤ እሳቸው ቀለሙን ፈለጉ። ለሚቀጥለው ፍልሰታ መጽሐፉን ራሱን ይዤ ሄድኩ፤ ከዚያ ቀን በቀር ስለማልሄድ። ዝናብ ነበር፤ የነሐሴ የነቀምቴ ዝናብ። እንዳይረጥብ በባለቤቴ ነጠላ ጠቅልዬ፣ በሕዝቡ መሐል አልፌ፣ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ለነበሩት ለየኔታ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ተሳለሙት። ቀና ብለው፣ "የክርስትና ስምህ ማን ነበር?" አሉኝ። ሊጸልዩልኝ መስሎኝ ነገርኳቸው። በዙሪያችን የነበሩ ሴቶች እልል አሉ። ለታቦቱ መስሎኝ አብሬ ፈገግ አልኩ።

የታሪክ መምህር ነኝ። በበዓለ ንግሥ ቀን መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ዕቃ ቤት በር ላይ የሚያስረክብ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ለተማሪዎቼ አስተምሬአለሁ፤ የብራና መጻሕፍት ጠርዝ ላይ ያሉትን የስጦታ ጽሑፎች ፈተና ላይ አውጥቻለሁ። የኔታ በቀጣዩ ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ዐረፉ። ከቀብራቸው በኋላ መጽሐፉን ልጠይቅ ለደብሩ ቄሰ ገበዝ ስቀርብ ነው የሠራሁት የገባኝ፤ ያኔም ቸልታዬ በልጦ፣ ይክረምና ይታያል ብዬ ተውኩት። መሄድ የሚባል ነገር አልነበረማ!

ከቤተ መጻሕፍቱ በወጣሁ ማግሥት ሄድኩ። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን በቀይ ግምጃ እንደተጠቀለለ አወጡት፤ ከእጃቸው አልለቀቁትም። የመጀመሪያውን ባዶ ገጽ ከፈቱ። የኮሌጁ ክብ ማኅተም እዚያ አለ። የኔታ በማኅተሙ ዙሪያ ሐረግ ሥለውበታል፤ ጅማቱ ማኅተሙን አቅፎት፣ ግማሹ የሳቸው፣ ግማሹ ከመጽሐፉ የተማሩት፣ የአየርላንዱ ዓይነት አውሬ ራስ በአንደኛው ጥግ የራሱን ጅራት ነክሶ። ከሥሩ በግእዝ፣ በጥቁርና በቀይ፣ የእመቤታችንና የኔ የክርስትና ስም በቀይ፦ ይህን መጽሐፍ እገሌ ለነፍሱ መድኃኒት ሰጠ፤ የሰረቀው፣ የፋቀው፣ ከዚህ ቤት ያወጣው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን።

"አባ፣ የኮሌጁ መጽሐፍ ነው። ማኅተሙን እዩት።"

"ማኅተሙን አየሁት፣ መምህር። ውግዘቱንም አየሁት። የቱ ይከብዳል?"

"እኔ አልሰጠሁም። ላሳያቸው ነው ያመጣሁት።"

"እልል ሲባልልህስ?"

መጽሐፉን ልቀበል የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

"ክፉ አልልህም" አሉ። "አንድ መንገድ አለ። ሰጪው አልሰጠሁም ካለ ይታያል። 'መርጌታ ያልተሰጣቸውን ተሰጠኝ ብለው ጽፈዋል' ብለህ ትፈርማለህ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰበካ ጉባኤው ፊት ይነበባል። ያን ጊዜ ይዘህ ትሄዳለህ።"

"በስሕተት ጻፉ ቢባልስ?"

"በዚያ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ ስም ጠይቀው? ይህን ያህል የሚሳሳት መርጌታ የጻፈው ሌላው መጽሐፍስ ምን ሊባል ነው? ድጓው አለ፣ ግብረ ሕማማቱ አለ። ሁሉም በሳቸው እጅ ነው።"

የኔታ ስድሳ ዓመት የቀዱትን ሁሉ በአንድ ፊርማ ላስጠረጥረው ነው። ወይም አልፈርምም። ውግዘቱን እንዳልፈራሁ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ የማይፈራ ሰው ይህን ያህል ጊዜ አይነግርም።

ለባለቤቴ ደወልኩላት።

"ፈርምና ና" አለች። "የሞተ ሰው ምን ይጎዳል?"

"ፊደል ያስቆጠሩኝ ናቸው።"

"ልጅህን ፊደል የሚያስቆጥራት ማነው? እዚህ አባቷ የት ነው ሲሏት መጽሐፍ አስሮታል ነው የምትለው። መጽሐፍ!"

ልጄ ስልኩን ተቀበለች። "አባዬ፣ ለምን አትሰርቀውም?" አለች በሹክሹክታ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከቤተሰቡ የሚሠራ ሐሳብ ያመጣችው እሷ ብቻ ነበረች።

ቀኖቹ ሄዱ። ጠዋት ቅጹን ይዤ እወጣለሁ፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ ወደ ደብሩ፣ ከዚያ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ባዶው ቤት። ባጃጅ ነጂዎቹ መሄጃዬን መጠየቅ ተዉ። ስንብቴን አብልተውኝ የሸኙኝ ጎረቤቶች በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ያፍሩ ጀመር፤ የተሰናበቱት ሰው ጎመን ሲገዛ ማየት እንደ ሙት መንፈስ ነው። አንዷ ሴት በኦሮምኛ ለጓደኛዋ፣ "ይህ ሰውዬ ሄደ አላሉም?" አለች። "ሄዷል" አለች ጓደኛዋ እያየችኝ፣ "ግን አልወጣም።"

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እውነቱን ነገርኩት። አልጠፋም፤ አለ፤ ግን አይወጣም። ነጠላውን፣ እልልታውን፣ ሐረጉን፣ የሚፈረመውን ነገር። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ኮቱን አስተካከለ፣ ያንን በር የሚያህል መዝገብ በብብቱ ያዘ።

"እንሂድ" አለ።

"የት?"

"መጽሐፉ ዘንድ ነዋ! ቆጠራ ማለት የት እንዳለ ማየት ነው።"

በባጃጅ ሄድን፤ መዝገቡ ጉልበታችን ላይ። በግቢው በር ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ፤ እዚህ አይወለቅም፣ ሕንፃው በር ላይ ነው አልኩት። አወለቀ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ግቢ መግባቱ ነበር፤ ቤቱ ከግቢው አጥር የድንጋይ ውርወራ ይርቃል። ቄሰ ገበዙ ጠረጠሩ፣ ከዚያ መዝገቡን አይተው ትንሽ ለሰሱ፤ መዝገብ የያዘ ሰው ቋንቋቸውን ይናገራል። መጽሐፉን ከፍተው ያዙለት። መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። ማኅተሙን አየ። በማኅተሙ ዙሪያ ያለውን ሐረግ በጣቱ ሳይነካ ተከተለው፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ጠፋበትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

"ይህን ማኅተም እኔ ነኝ የመታሁት" አለ በመጨረሻ። "ጠማማ ነበር። አሁን አያስታውቅም።"

ቄሰ ገበዙ ሳቁ። ስንት ሳምንት ስመላለስ አንድ ቀን እንኳን አልሳቁልኝም ነበር።

መዝገቡን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በቁጥሩ ትይዩ ጻፈ፤ የመጽሐፉን ስም ሳይገድፍ፣ የደብሩን ስም ሳያሳጥር። መጽሐፉ አለ፤ በውሰት ከግቢ ውጭ ተቀምጧል። ቄሰ ገበዙ፣ "ለኛ ተሰጥቷል እንላለን" አሉ። "እናንተ በመዝገባችሁ ተሰጠ በሉ፣ እኛ በመዝገባችን ተዋሰ እንላለን" አላቸው። "መጽሐፉ ሁለቱንም አያነብም።" ቄሰ ገበዙ አገጫቸውን እያሻሹ ተስማሙ። ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ቅጹን ከኪሴ አወጣሁ።

"ቆይ" አለ። "ከግቢ ውጭ ለሚወጣ ንብረት ዋስ ያስፈልጋል። ቋሚ ሠራተኛ።"

ቋሚ ሠራተኛ ከሆንኩ መልቀቅ አልችልም፤ ከለቀቅሁ ዋስ መሆን አልችልም። ሳቅ መጣብኝ፤ የጤና ሳቅ አልነበረም። እሱ አልሳቀም። መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ፣ በዋሱ ዓምድ የራሱን ስም ጻፈና ፈረመ። ከዚያ ቅጼን ተቀብሎ ዐሥራ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ፈረመ።

"ጡረታህ መቼ ነው?" አልኩት።

"ሰኔ።"

"ያን ጊዜ ያንተን ክሊራንስ የቤተ መጻሕፍቱን ሳጥን ማን ይፈርማል?"

"እኔ ነኝ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ።"

"ለራስ መፈረም አይቻልማ!"

"አይቻልም" አለ። ጫማውን አጠለቀ።

ማሰሪያውን እስኪያስር ቆሜ አየሁት። እንቢ ማለት የምችልበት ጊዜ ያ ነበር፤ ረጅም ማሰሪያ ነበር። ወረቀቱን ስቀበለው አጥብቄ ያዝኩትና ኪሴ ከተትኩት። የሄደ ይወደሳል፣ የቀረ ይከፍላል ብሎ የጻፈው ሰው እኔ ነበርኩ።

መልቀቂያዬን በዚያው ከሰዓት አጽፌ፣ በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ወጣሁ። አኖ ላይ አስቆሙን፤ ወርደን፣ ተፈትሸን፣ መታወቂያ አሳይተን፣ ከመኪናው ጥላ ሥር ለምን እንደሆነ ሳይነገረን ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ሁሉም ዕቃውን ይነካካል። እኔ ክሊራንሱን አሥር ጊዜ አወጣሁት፤ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ "ግቡ" ተባልን። ወደ ኋላ አላየሁም፤ ማየት የሚያስችል መስኮት አልደረሰኝም ብዬ ነው የምናገረው።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ባለቤቴ ማታ ማታ ትስቃለች፤ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ጥሩ ነው። ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግን ሰባት ወር አልደወልኩም። ኔትወርክ የለም ብዬ፤ ሲኖር ሥራ በዝቶብኝ፤ ሥራ ሲቀል ምን እንደምለው ጠፍቶኝ። ባለፈው ሳምንት እሱ ደወለ።

"አካም ጂርታ፣ ያ ባርሲሳ?"

"ነጋ። አንተስ? ከብቶቹ?"

"ከብቶቹ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ጥጃህን እያነበብኳት ነው።" ፎቶ ኮፒውን ማለቱ ነው። "የንጉሡ ፍርድ ጋ ደረስኩ። ተሳስቷል።"

"ልክ ነው ያልከው አንተ አልነበርክ?"

"ያኔ ሳላስብ ነው። ንጉሡ ከብት አልቦ አያውቅም። ጥጃዋን ከነጠልክ እኮ ላሚቷም አትታለብም። ባለቤት ማነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት አብረው ማሰር ነበረበት።" ስለዚህ፣ አለኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ኮፒዋን ይዞ ደብሩ ይሄዳል። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ከፍተው ይይዙለታል፤ ጥቁርና ነጩ ላይ ያልታየውን ቀለም ከዋናው እያየ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ይጽፋል። "እዚህ ቀይ፣ እዚህ ቢጫ" እያለ። በምን ቋንቋ ነው የምትጽፈው አልኩት። "ለኔ ነው የምጽፈው" አለ፣ "በኔ ነዋ!"

"ክሊራንስህስ?"

"ዐሥራ አንዱን አስፈርሜአለሁ። ኳስ የለብህም ወይ አለኝ ያ ሰውዬ።"

"መጥቼ እፈርማለሁ" አልኩት። ያሰብኩት አልነበረም፤ ወጣ። "ደብሩ ፊት። የሚነበበው ይነበብ። መጽሐፉን ይዘህ ትመልሳለህ፣ ትወጣለህ።"

በመስመሩ ላይ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ።

"ያን ሐረግ አንተ አላየኸውም" አለ። "አይተኸዋል፤ አልተከተልከውም። እኔ አሁን መጨረሻውን ይዤዋለሁ። ውሸት የሚጽፍ ሰው ያን ያህል አይደክምም። አትፈርም።"

"እንግዲያው ምን ላድርግ?"

"መጀመሪያ መምጣት መቻል አለብህ። መንገዱ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው።"

"እስከ የት ድረስ?"

"እስከ አኖ ይላሉ" አለ።